የ«ጫካው» አልጋ

«መሄድ ከፈለግሽ አንቺ ሂጂ፤ ልጅቷ ግን ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አትልም!» አለ አባቴ፣ ትራሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ።

«መጀመሪያ ትራሱን አስቀምጥና እንነጋገር» አለች እናቴ።

«ትራሱ የኔ ነው።»

«ያንተ አይደለም ያለህ አለ? አስቀምጠው ነው ያልኩህ።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። ጭቅጭቁ እኔን ሳይጠብቅ ሩቅ ሄዶ ነበር። እናቴ የስፌት መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ናት፤ እግሯ ከፔዳሉ አልወረደም፤ እየተጣላች የዩኒፎርም ኪስ ትሰፋለች። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እትዬ፣ እርስዎ በዚህ ጉዳይ ባይገቡ ደስ ይለኛል» አላት አባቴ። ሲናደድ ትሕትናው ይበዛል፤ ንዴቱ ጫፍ ሲደርስ ድመቷንም «እርስዎ» ይላት ነበር።

«እኔ ምን አልኩ? አፌን ከፈትኩ?»

«ዝምታዎም ይሰማል።»

«እንግዲያው ካልቀረልኝ ሐሜት ልናገረው» አለች አክስቴ። «መኪናው ቅዳሜ ይመጣል። እህቴ ትሄዳለች፤ ልጅቷንም ትታ አትሄድም። አንተ ደግሞ ብትፈልግ ተከተል፣ ባትፈልግ ቅር።»

«እሺ እስክትል ድረስ» አለች እናቴ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «መኝታ ቤቱ የኔና የእህቴ ነው። ላንተ ሶፋው አለልህ።»

«ሶፋ!» አለ አባቴ። «በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ሶፋ ላይ? በፍጹም! ውጭ ነው የማድረው። በር ላይ! ሰው ሁሉ ይየኝ!»

«ጫካ የለመደ ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው» አለች አክስቴ ወደ እናቴ ዘንበል ብላ።

አባቴ ሹፈቱን ሙገሳ አድርጎ ሰማው። «አዎ! ጫካ የለመድኩ ሰው ነኝ! አልጋዬንም በገዛ እጄ እሠራለሁ!» አለና ወጣ። በሩን በኃይል ሊያላትመው ፈልጎ ነበር፤ ትራሱ መሃል ገባበት።

የዚያን ጊዜ ነገሩን የተረዳሁት እንዲህ ነበር። አክስቴ ልጅ የላትም። ልብሷ የብል መድኃኒት ይሸታል፤ ስትስመኝም አገጬን ቆንጥጣ ይዛ ነው። ስለዚህ የመጣችው እኔን ለመውሰድ ነው። እናቴ እህቷን ፈርታ እሺ ብላለች፤ አባቴ ግን ልጄን አልሰጥም ብሎ ብርድ ላይ ለማደር ቆርጧል። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ በሰፈሩ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነቱ ከዚህ ይልቅ ተራ ነው። አክስቴ ሌላ ከተማ ባለ የልብስ ፋብሪካ ኃላፊ ነበረች፤ ለእናቴም የጨርቅ ቆራጮች አለቃ የምትሆንበት ሥራ አግኝታላታለች። ቤት አብሮ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱም አጠገቡ ነው። እናቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በዚያች ጠባብ ክፍል የሰው ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች፤ ቅዳሜ ካልሄደች ሥራው ለሌላ ሰው ያልፋል። አባቴም አብሮ ይምጣ ተብሏል። እሱ ግን እንቢ አለ። ለምን ቢባል፣ እንቢ ስላለ። ምክንያት ቢኖረው ኖሮ እናቴ ምክንያቱን ትረታው ነበር፤ ምክንያት የሌለውን ሰው ግን በምን ይረቱታል?

አባቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቧንቧና መፍቻ ይረከባል፣ ቧንቧና መፍቻ ያስረክባል። ታዲያ ከመጋባታቸው በፊት በአንድ በጋ፣ መሥሪያ ቤቱ ምንጭ የሚያጠኑ ቀያሾችን ሲልክ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አፉን የሚከፍተው «ጫካ በነበርኩ ጊዜ» እያለ ነው። ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አዲስ ጫማ ሲጠበው፣ ጫካ የተሻለ ነበር። ሰፈሩ ከጀርባው «ጫካው» ይለዋል። እኔ ማዕረግ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሻምበል፣ እንደ ኮሎኔል ያለ። አንድ ቀን መምህራችን የአባቶቻችሁን ሥራ ንገሩኝ ስትለን ብድግ ብዬ «አባቴ ጫካው ነው» አልኩ። መምህሯ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ በአድናቆት ነው ብዬ ነበር።

በዚያ ጫካ ውስጥ ቀያሾቹ በራሳቸው በሠሩት የእንጨት አልጋ ላይ ሲያድሩ፣ እሱ የመኪናው ጋቢና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ያድር እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አልጋ ሲሠራ ግን በእርግጥ አይቷል። በመስኮቱ።

በማግስቱ እሱ ከሥራ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ቀረን። «ምክትሌ፣ ተነሽ» አለኝ። ምክትሉ እኔ ነበርኩ። መጥረቢያ፣ ገጀራና ማጭድ ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን።

«የምንፈልገው ባላ ነው» አለ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ። «ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጨት። ስድስት። ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ይተከላሉ። ባላዎቹ ላይ ሁለት ረዣዥም አግዳሚ እናጋድማለን። አግዳሚዎቹ ላይ ቀጫጭን ርብራብ። ርብራቡ ላይ ሣር። አለቀ።»

ሲናገረው እውነትም አልቆ ነበር። አንደኛውን ባላ ቆረጠና ስለ ሁለተኛው ብዙ አወራ። ሦስተኛው ላይ መዳፉ ውሃ ቋጠረ። እኔ ቅርንጫፍ እጎትታለሁ፣ ሣር አጭዳለሁ፤ እሱ ሲደክመው እየቆመ ገጀራውን በፀሐይ ያየዋል። ሥራው ሁሉ አስደሰተኝ፤ እንጨቱ የሚታሰርበት የልጡ ግን ይለያል። ለስላሳ ቅርፊት ያለው ዛፍ ሥሩን በገጀራ ሸርከት ያደርግልኝና እኔ ወደ ላይ ስስበው፣ ልጡ ትርር እያለ እንደ ሪባን ረዝሞ ይላጣል። ጣቴ ዝልግልግ አለ፤ የተቆረጠ ዱባ የመሰለ ሽታው እስከ ማታ ከእጄ አልወጣም።

«አባዬ፣ ጫካ ስንሄድ ለኔም የራሴ አልጋ ይኖረኛል?» አልኩት።

«የምን ጫካ?» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «አዎ፣ እንዴታ!» አለ።

በቃ፣ ገባኝ። አልጋው ለልምምድ ነው። መጀመሪያ በር ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ እኔና እሱ አክስቴ ከማትደርስበት ጫካ እንገባለን። እናቴ ብትመጣም አልጠላም፤ ስለ እሷ በኋላ እናስብበታለን።

ቤት ስንደርስ ልጡን አጥሩ ላይ ፀሐይ አሰጣው። «እርጥብ ነገር አይታመንም፤ ጫካ ያስተማረኝ ይህን ነው» አለ።

ቦታ መምረጥ ቀረ። ጓሯችን ደልዳላ ነው፤ ጥላም አለው፤ ነፋስም አይገባበትም። አባቴ ወደ ጓሮው ዞሮም አላየ። የመረጠው የግቢው በር አጠገብ ያለውን ነው፤ መሬቱ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል፤ አጥሩም እዚያ ጋ ቁመቱ እስከ ወገብ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ከአንገታቸው በታች በጨርቅ ሸፍኖ ሰፈሩን ያያል።

«አባዬ፣ ለምን እዚህ?»

«ጠባቂ የሚተኛው በር ላይ ነው። በዚህ በኩል ድመት እንኳ ሳላያት አትወጣም!» ይህን ያለው ወደ ቤቱ መስኮት ዞሮ ነው። ከመስኮቱ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ትንሽ ቆመና ቀጠለ።

ለመለካት መሬቱ ላይ በጀርባው ተኛና እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በእንጨት ጫፍ ዙሪያውን መሬት ላይ መሥመር ማስመር ጀመርኩ። ራሱ ጋ ስደርስ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አየችን።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ሰውየው ወደቀ! ልጅቷን እዩልኝ፣ ምን እያደረገች ነው!»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ተላጭቶ ከኋላው።

«ዝም በሉ፣ እየለካሁ ነው» አለ አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ለምንድን ነው የሚለኩት፣ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በፍርሃት። የሚለካው ለሬሳ ሳጥን ሳይመስለው አልቀረም።

«ለአልጋ። ከዛሬ ጀምሮ ማደሪያዬ እዚህ ነው።»

«ውይ! ምን ሆነው?»

«ተወው፤ የቤት ነገር ነው። እኔ ምንም አልናገርም» አለ አባቴ፣ ተነሥቶም ሁሉንም ተናገረ።

ጉድጓዱን ስንቆፍር፣ ባላውን ስናቆም፣ አግዳሚውን ስናስቀምጥ ተመልካች አልጠፋም። አባቴ ለአንድ የመዶሻ ምት ሁለት ጊዜ ወደ መንገዱ ያያል። ልጡ ግን ፀሐይ ላይ ውሎ ደርቆ ስለነበር ሊታሰር ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። አንዱ ሲሰነጠቅ በላዩ ሁለት ያስርበታል፤ ሁለቱ ሲሰነጠቁ አራት። መጨረሻ ላይ መጋጠሚያው ሁሉ ሳይበጠር ያደረ ፀጉር መሰለ። አልጋው ከመሬት እስከ ጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ ሣሩ በየቦታው ተንጠልጥሎ ቆመ። አንድ ጎኑ የግቢውን በር ስለያዘው በሩ ከግማሽ በላይ አይከፈትም።

«ጋሼ፣ ግሩም ቆጥ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ዶሮዎቹ መቼ ይመጣሉ?»

«ሳቅ አንተ! ጫካ ብትገባ አንድ ሌሊት አታድርም።»

ያን ማታ አባቴ ትራሱን በመንገዱ በኩል አድርጎ ተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ወደ ቤት ያደርጋል። እሱ ግን አላፊ አግዳሚው ፊቱን እንዲያይ ነው የፈለገው።

ጠዋት ፊቱ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ ተገኘ። ዓይኖቹ ቀልተው ጠበዋል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አጥሩን ይዛ ከንፈሯን መጠጠች፤ የርሷ ከንፈር መምጠጥ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«ሲያለቅስ ነው ያደረው! እዩት እስቲ! ወንድ ልጅ፣ ያውም የቤት ራስ!»

«አባዬ፣ አለቀስክ እንዴ?» አልኩት።

«ወንድ አያለቅስም፣ ምክትሌ» አለኝ፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ፣ ልክ የሚያለቅስ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

እኔ የጫካ ትንኝ የነደፈው መሰለኝ። ትንኙ እሱን ፍለጋ ከጫካ ድረስ መምጣቱ አኮራኝ። ጉዳዩ ግን ሌላ ነበር፤ መሬቱ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል፣ ስድስቱ ባላዎች ደግሞ እኩል ናቸው። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ እግሩ ከራሱ በላይ ሆኖ ነው ያደረው።

በሚቀጥሉት ቀናት እንዲሁ ሆነ። ደሙ በየሌሊቱ ወደ ፊቱ እየወረደ፣ ርብራቡ ወገቡን እየቆረቆረው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ። ባለመተኛቱም የእውነት ጠባቂ ሆነ። አክስቴ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል «ወዴት ነው፣ እትዬ?» የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣ። ሱቅ ነው አለችና ተመለሰች። ሱቅ በዚያ ሰዓት እንደማይከፈት እኔም አውቅ ነበር። አባቴ ዓይኑን ጠቀሰኝ፤ እኔም ጠቀስኩት።

ሰፈሩ ለእሱ ፈረደ። አንዱ ትኩስ ዳቦ፣ ሌላው አሮጌ ጃንጥላ አመጣለት፤ ፀጉር አስተካካዩ በርጩማ አዋሰው። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጥለታል፤ እሱም «ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ» ይላል፣ እንዳይተዉት አድርጎ። ዩኒፎርም ሊወስዱ የሚመጡ ሴቶች ግን ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ተዉ። እናቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትሰፋለች፤ መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ከበፊቱ ጠበቅ አድርጋ እንደምትይዘው ግን አያለሁ።

ዓርብ ዕለት የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ቤት ድረስ ገባች።

«አንቺ ሴት፣ አንጀት የለሽም? ባልሽ በዕንባ አለቀ እኮ!»

«ዕንባ አይደለም» አለች እናቴ። «አልጋው ነው።»

«አልጋ ፊት ያሳብጣል?»

«ሲሠሩት ቁልቁል ከሆነ ያሳብጣል።»

«ሰበብ!» አለች ሴትዮዋ። «ይልቅ ወጥተሽ ታረቂው። እንግዳሽንም በጊዜ ሸኚ፤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።» አክስቴን እያየች ነው። አክስቴ ፈገግ አለችላት፤ የዚያ ዓይነት ፈገግታዋን ስለማውቀው በስፌት መኪናው በኩል ዞሬ ቆምኩ።

ሴትዮዋ ስትወጣ አክስቴ፣ «ትራሱን ወዲያ ቢያዞረው እኮ በቃ፣ ይገላገላል» አለች።

«አያዞረውም» አለች እናቴ። «ወዲያ ካዞረው ሰው የሚያየው እግሩን ብቻ ነው።» መርፌውን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ ከመሳቢያው ባዶ የክር ማጠንጠኛ አንሥታ ወጣች። ተከተልኳት።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ መንገዱ ሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ እናቴን ሲያይ ደንበኛውን በአገጩ ይዞ ወደ እኛ አዞረው። አባቴ በተዋሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወዲያው ፊቱን አጠወለገ። እናቴ ማጠንጠኛውን እግርጌው ላይ አኖረችው። ማጠንጠኛው አልጠበቀም፤ ርብራቡ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ቁልቁል ተንከባለለ፣ ትራሱ ላይ ዘለለና መንገድ ወጣ።

«ተነሥልኝ» አለችው እናቴ። «ላስተካክልልህ።»

አባቴ ወዲያው አልተነሣም። ሰው ሁሉ መስማቱን አረጋገጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ ይቅርታ እንደሚቀበል ሰው አገጩን ቀና አድርጎ በርጩማውን ራቅ አደረገላት።

«ተሸነፈች!» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ በሹክሹክታ፣ መንደር በሚሰማው ሹክሹክታ።

እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ታረቁ ማለት ነው፤ ጫካ ሦስታችንም ልንሄድ ነው።

እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። አዲስ ልጥ ልጬ እንዳመጣ ወደ ወንዙ ላከችኝ፤ ሳመጣላትም የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። «ደረቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ርሶ ነው የሚታሰረው፤ የሚደርቀው ከታሰረ በኋላ ነው» አለችኝ እንጂ ለእሱ አልነገረችውም። የአባቴን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጠቻቸው። የእግርጌውን ባላዎች ነቅላ ጉድጓዳቸውን ጥልቅ አድርጋ መልሳ ተከለቻቸው፤ መሃለኞቹንም በልኩ ዝቅ አደረገች። ርብራቡን ጎባጣውን እያወጣች፣ ቀጥ ያለውን እየመረጠች ደረደረችው፤ እኔ ጫፉን ስይዝ እሷ ልጡን እየሳበች፣ እያጠላለፈች፣ በጉልበቷ እየረገጠች አሰረችው። ከተራረፈ የዩኒፎርም ጨርቅ ትልቅ ከረጢት ሰፍታ ነበር፤ ውስጡን በደረቅ ሣር ሞላችው፤ ለትከሻና ለዳሌ ወፈር፣ ለወገብ ሳሳ አድርጋ። የማይመቸው የት የት እንደሆነ ሳትጠይቀው ታውቃለች።

«ለእግሩ ጨምሪለት» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ።

«ጨምሬያለሁ።»

ማጠንጠኛውን ከመንገድ አምጥቼ እግርጌው ላይ አኖርኩት። አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ብርድ ልብሱን አነጠፈችና በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግማ ደግሞ። ያ መዳበስ ለእሱ ያላት ፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ስረዳው ግን ሥራ ስትጨርስ የትኛውንም ጨርቅ የምትዳብሰው እንዲያ ነው።

«ሞክረው።»

አባቴ ወጣና ተጋደመ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ከእጁ ያመለጠ የመሰለ ነገር። «እህ…» አለ፣ ሳያስበው።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አባቴ ራሱን ሰበሰበ። «ደህና ነው። ጫካ በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ነበር የምሠራው። እዚህ ልጡ አልተመቸኝም እንጂ…» አለና ስለ ልጥ ብዙ ነገር ነገራቸው፤ መርጠብ እንዳለበትም ጨምሮ። እናቴ መቀሷን አንሥታ ገባች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለምን አስተካከልሽለት ብዬ ጠየቅኋት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

«ልረዳው መሰለሽ? አባትሽን አውቀዋለሁ። በደል ሲቆረቁረው ሳይሆን ርብራብ ሲቆረቁረው ነው ነቅቶ የሚጠብቀው። ሰውነቱ ከተመቸው ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም አይፈልግም» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ብርድ ልብሱ ላይ ወጣች፤ አባቴ ተኝቷል። ሱቆች ተከፈቱ፤ አባቴ ተኝቷል። አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ አንድ እጁን በአግዳሚው አውርዶ፣ እንደ ጠገበ ሕፃን እኩል ይተነፍሳል። መጀመሪያ ያየው ፀጉር አስተካካዩ ነው። በእግር ጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ መጣ፣ አጥሩን ተደግፎ አየው፤ ከዚያ ዞሮ ለሰፈሩ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

«ሽሽ! ሰውየው እንቅልፍ ወሰደው!»

«እሰይ!» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳትተነፍስ። «እሰይ፣ የኔ ጌታ!»

መንገዱ ሁሉ ጸጥ አለ። አንዱ ራዲዮኑን ዘጋ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ተባረሩ። ባለ ብስክሌቱ ወርዶ ብስክሌቱን ገፋ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘነለት ሰፈር አሁን እንቅልፉን ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ እንቅልፉን በራሱ ገንዘብ የገዛለት ይመስላል።

እኛ ቤት ውስጥ ተዘጋጅተን ነበር። የስፌት መኪናው ራስ በአንሶላ ተጠቅልሏል፤ ሁለት ሻንጣ በር ሥር ቆሟል።

«ጫካ ልንሄድ ነው?» አልኩ።

«ጫማሽን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ» አለች እናቴ።

ገባኝ። እኛ ቀድመን እንሄዳለን፤ እሱ አልጋውን ነቅሎ በኋላ ይመጣል። አክስቴ እስከ መንገዱ ድረስ ብትሸኘን ምን ቸገረኝ።

ስንወጣ ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። አክስቴን በአዲስ ጫማዋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ እንግዳዋ መሄዷ ነው፣ እህቷና የእህቷ ልጅ ሊሸኟት ነው፣ ይኸው ሰላም ወረደ። በሩ ከግማሽ በላይ ስለማይከፈት ሻንጣዎቹ አላልፍ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ከእናቴ እጅ በአጥሩ ላይ ተቀበላት፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሁለተኛውን። የስፌት መኪናው ሲመጣ ክብደቱ ሴትዮዋን አንገዳገዳትና አክስቴን አየት አድርጋ ሳቀች፣ በከንፈሯ ብቻ «ምን አሸክመሽ ነው የምትልኪያት!» አለቻት እናቴን። እናቴ ትከሻዋን ነቀነቀች።

አክስቴ በጎኗ ወጣች። እኔ ቀጠልኩ። ሳልፍ ፊቱን አየሁት፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ደስ የሚል ፊት ነበረው። ዝንብ አረፈበትና የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ አባረረችለት። እናቴ ከኋላዬ መጣች። አልጋው ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ የራስጌውን ቋጠሮ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ደርቋል፣ ጠብቋል። ወጣች።

መኪናው መታጠፊያው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ ነበር። ወደኋላ ዞር ስል ሴትዮዋ የዳቦ ቅርጫቷን አንሥታ እየሄደች ነው። ፀጉር አስተካካዩ የግቢያችንን በር መሬት እንዳይነካ በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ቀስ ብሎ ገጠመው፤ ከዚያ መንገዱን ተሻገረና፣ ግማሽ ፊቱ ላይ የሳሙናው አረፋ ወደ ደረቀበት ደንበኛው ተመለሰ።